ከበሩ ስንወጣ ወዴት ነው?

ፍርድ ቤት ውስጥ መርማሪ ነኝ ስል ሰው ሁሉ ስለ ነፍሰ ገዳይ ይጠይቀኛል። ነፍሰ ገዳይ አይቼ አላውቅም። የኔ ሥራ ከሽማግሌዎች ጋር ነው። አንድ ሰው አርጅቶ መዘንጋት ሲጀምር ፍርድ ቤት ሞግዚት ይሾምለታል፤ ሞግዚቱም ንብረቱን፣ ቤቱን፣ ራሱንም ሰውዬውን ይረከባል። ሽማግሌው እንዴት እንደተያዘ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ የሚቃወመው ነገር ካለ ብቻውን አግኝቶ የሚጠይቀው የኛ ሰው ነው። ዳኛዋ ሽማግሌውን ብዙ ጊዜ አታየውም፤ የምታየው የኛን ወረቀት ነው። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ቤት ለቤት ዞሬ የመርማሪዎቹ ኃላፊ ሆንኩ። አሁን አምስት ልጆች ይዞራሉ፣ እኔ ቁጭ ብዬ የጻፉትን አነባለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ እፈርማለሁ።

ለአዲስ መርማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው አንድ ነገር ነበር። ቅጹ ላይ ዘጠነኛው መስመር «የባለጉዳዩ ፍላጎት» ይላል። አሥር ሽማግሌ ብትጠይቁ ስምንቱ እዚያ ላይ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ነው የሚሏችሁ። አትደንግጡ እላቸዋለሁ። አትከራከሩ፣ ቃልም አትግቡ። «የትኛው ቤት?» ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ የተወለዱበትን ይነግሯችኋል፤ እናትየው ከሞተች ስድሳ ዓመት ሆኗታል፣ ቤቱም የለም። ስለዚህ «ወደ ቤት መሄድ ይፈልጋል፤ የተለመደ ነው» ብላችሁ ጻፉና ወደ አሥረኛው እለፉ። «የተለመደ ነው» የምትለዋን ነገር ያመጣኋት እኔ ነኝ። ልጆቹም ወደዷት፣ ሥራ ታቀላለቻ።

ከየት እንዳመጣኋት ልንገራችሁ። አባቴ ማሪያኖ ብሩም ውቅያኖስ መሐል ካሉት የአዞረስ ደሴቶች፣ ቶፖ ከምትባል ሰበካ በሃያ ሁለት ዓመቱ መጥቶ፣ እዚሁ ሸለቆ ውስጥ መጀመሪያ የሰው፣ ኋላ የራሱን ላሞች ሲያልብ ኖረ። እናቴ ከሞተች በኋላ ምድጃ ለኩሶ መርሳት ጀመረ። አንድ ቀን ወጥ ቤቱ ተቃጥሎ እሱም ለጥቂት ተረፈ። መጦሪያ አስገባሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ስሄድ የሚለኝ አንድ ነገር ነው። «ኦዲሊያ፣ ወደ ቤት ውሰጂኝ።» የትኛው ቤት አባዬ? እለዋለሁ። «ቶፖ» ይለኛል። የቶፖው ቤት በመሬት መንቀጥቀጥ ከተደረመሰ አርባ ዓመት አልፎታል።

በተሽከርካሪ ወንበሩ እየገፋሁ እስከ መኪና ማቆሚያው አወጣዋለሁ። እዚያ ስንደርስ እጁን ያነሳል፣ ወደ ፀሐይ መግቢያ። ደሴቷ ግን በምሥራቅ ናት፣ አገሩን ሁሉ አቋርጦ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ። ምስኪን፣ አቅጣጫው እንኳ ጠፋበት እላለሁ። ወደ ክፍሉ መልሼው መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቅሳለሁ። በነጋታው ደግሞ ቢሮ ገብቼ በሌሎች አባቶች ወረቀት ላይ «የተለመደ ነው» እጽፋለሁ። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ይናፍቀኛል፤ ሳል የነበረው ድምፁ፣ የወተት ሽታው፣ ሁሉ ነገሩ። እሁድ ሲመጣ ዛሬም ሳላስበው የመኪናዬን ቁልፍ አነሳለሁ።

ያሬሊ ኦሮስኮ ቢሮአችን ከገባች ስምንት ወሯ ነው። ጎበዝ ናት፣ ክፋቱ ወረቀት ታበዛለች። እኔን «ዶኛ ኦዲሊያ» ትለኛለች፤ ግማሹ አክብሮት ነው፣ ግማሹ ግን ለእልህ እንደሆነ አይጠፋኝም። አንድ ማክሰኞ የኤርሚኒዮ ጎዲኞን መዝገብ አመጣችልኝ። ሰውዬው ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እንደኛው የደሴት ሰው፣ እንደ አባቴ ላም አላቢ የነበረ። ሚስቱ ዘልሚራ ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም። ሞግዚቱ የወንድሙ ልጅ ዴልማር ነው፤ ሽማግሌውን መጦሪያ ካስገባው ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። አሁን ባዶ የቀረውን ቤት ከነመሬቱ ለጎረቤቱ የአልሞንድ እርሻ ልሽጥ ብሎ ፈቃድ ጠይቋል። ገዢው ቤት አይፈልግም፣ ዛፍ ነው የሚተክለው። ዳኛዋ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እሺ ካለች በወሩ ቡልዶዘር ገብቶ ቤቱን ይጠርገዋል።

ያሬሊ ዘጠነኛው መስመር ላይ ገጽ ተኩል ጽፋለች። ሰውዬው በሽያጩ አይስማማም፣ ወደ ቤቱ መመለስ ነው የሚፈልገው፣ መንገዱን ሁሉ ነግሮኛል ብላ። እኔ እስከ መጨረሻውም አላነበብኩት። ባለፈው ዓመት የነበረውን ሪፖርት አወጣሁ፤ «ወደ ቤት መሄድ ይፈልጋል፤ የተለመደ ነው» ይላል፣ ከሥሩ የኔ ፊርማ። ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ ገጽ ተኩሉን ሰረዝኩና ያችኑ መስመር ከላዩ ጻፍኩበት። ከምሳ በኋላ ወረቀቱን ይዛ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«ገጽ ተኩል ሰጥቼዎት አንዲት መስመር መለሱልኝ» አለች።

ረዝሟል ልጄ፣ ሁሉም ቤቴ ይላሉ፣ አልኳት። ኤርሚኒዮን አይተውት ያውቃሉ ወይ አለችኝ። እንደሱ ያሉ መቶ ሰዎች አይቻለሁ አልኳት።

«እኔ የጠየቅኩዎት ስለሱ ነው» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዶኛ ኦዲሊያ፣ ሽማግሌ ፊት ተቀምጠው ከጠየቁ ስንት ዓመት ሆነዎት?»

ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አልነገርኳትም እንጂ ደሜ ፈላ። ትናንት የመጣች ልጅ ሥራዬን ታስተምረኝ? ቦርሳሽን ያዢ፣ አሁኑኑ እንሄዳለን፣ እዚያው አንቺ ፊት እጠይቀዋለሁ አልኳት። እውነቱን ለመናገር ለሽማግሌው ብዬ አይደለም የሄድኩት። ላሳያት ብዬ ነው።

ኤርሚኒዮ መስኮት ዳር ተቀምጦ አገኘነው። ባርኔጣውን ደፍቷል፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። አስታማሚዋ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ለብሶ ነው የሚቀመጠው አለችን፤ የሚወስደው ሰው ይጠብቃል፣ ለእራት ሲጠሩት ያወልቀዋል። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሁሉ አጎት ነው፣ «ቲዮ» ብዬ ሰላም አልኩት፣ በቋንቋችን። ደስ አለው። የድሮው ቄስ የእህት ልጅ ነሽ አለኝ፣ አይደለሁም። ዓመተ ምሕረቱን ጠየቅኩት፣ በሠላሳ ዓመት ሳተው። ምሳ ምን በሉ አልኩት፣ አልበላሁም አለ፤ ሾርባው ኮቱ ላይ አለ። ያሬሊን ገልመጥ አደረግኳት። ከዚያ ወደ ዘጠነኛው መስመር መጣሁ።

«ምን ይፈልጋሉ ቲዮ?»

«ወደ ቤቴ መሄድ።»

«የትኛው ቤት?»

አገጩን ቀና አደረገ። «ሴሬታ» አለ።

ሴሬታም ከአዞረስ ደሴቶች በአንዷ ላይ ያለች ሰበካ ናት። ከዚያ ከወጣ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። አየሽ አይደል ብዬ ወደ ያሬሊ ዞርኩና እስክሪብቶዬን ከደንኩ። ደስም አለኝ፣ አልዋሽም። በዚያ ሽማግሌ ናፍቆት ላይ ክርክር ረትቼ ደስ አለኝ።

ያሬሊ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ሳይሆን ጎኑ ተቀመጠች፣ መኪና ውስጥ አብረው እንዳሉ ሁሉ። እሱ እንዲገባው ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ ተናገረች።

«ቲዮ ኤርሚኒዮ፣ እኔ እነዳለሁ፣ እርስዎ ይምሩኝ። ከበሩ ስንወጣ ወዴት ነው?»

ሽማግሌው እጁን አነሳ። «በግራ» አለ። ድምፁ ተለወጠ፤ የሚያዝ ሰው ድምፅ ሆነ። «ቦዩ እስኪመጣ ቀጥ በይ። ቦዩን እንዳትሻገሪ፣ ሰው ሁሉ ይሻገርና ይጠፋል። ውሃው በቀኝሽ ይሁን። አይብ ፋብሪካው ጋ ቀስ በይ፣ የማቱስ ውሻ መንገዱ ላይ ነው የሚተኛው። ሁለት ዘንባባ ስታዪ፣ ከነሱ በኋላ ሦስተኛው በር የኔ ነው። በሩን ዝም ብለሽ ብትገፊው አይከፈትም። ብድግ አድርገሽ ነው። ማጠፊያው ወርዷል፣ ዘልሚራ አስተካክለው እያለች ስንት ጊዜ ነዘነዘችኝ።»

ከዚያ ወደ ያሬሊ ሳይሆን ወደኔ ዞሮ «አሁን እንሂድ?» አለኝ።

ባለጉዳይን በመንግሥት መኪና መውሰድ አይፈቀድልንም። ዛሬ አይሆንም ቲዮ አልኩት። ባርኔጣውን ቀስ ብሎ አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ትንሽ አሰበና «ነገስ?» አለ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

መኪና ውስጥ ገብተን ያሬሊ ሞተሩን አስነሳች። ወደ ቢሮ ነው? አለችኝ። በግራ ውጪ አልኳት። ቀይ የሰረዝኩትን ወረቀቷን አውጥቼ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት፤ የነገራት መንገድ በሙሉ እዚያ ላይ ነበር፣ ያላነበብኩት ቦታ። ቦዩ መጣ። አልተሻገርንም፣ ውሃው በቀኛችን ሆነ። አይብ ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፣ መስኮቱ በጣውላ ተመትቷል፣ ግን እዚያው አለ። ውሻ የለም፤ ያሬሊ ግን ፍጥነቷን ቀነሰች፣ እኔም አልሳቅኩባትም። ሁለቱ ዘንባባዎች ቆመዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው በር ጋ አቆመች።

ወርጄ ገፋሁት። እምቢ አለ። ብድግ አድርጌ ስገፋው ተከፈተ። ዝገቱ እጄ ላይ ቀረ።

ቤቱ ትንሽ ናት፣ ነጭ፣ ቀለሟ የተላጠ። በሯ ተቆልፏል፣ ልንገባም አንችልም። ዞረን ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ሁለት ወንበር አገኘን፣ ወደ ባዶው ላም ማለቢያ የዞሩ። አንደኛው ላይ ፀሐይ የበላው ትራስ አለ። እኔ ትራስ የሌለው ላይ ተቀመጥኩ። ያሬሊ ቆማ ታየኝ ነበር። እንዴት አወቅሽ አልኳት።

«አያቴ ስም ሁሉ ጠፍቶበታል፣ የኔንም» አለች። «መንገድ ግን አልጠፋበትም። መኪና ላይ ሳስቀምጠው በየመታጠፊያው ይቆጣኛል።»

ሌላው መርማሪ ቢሳሳት እሺ። ዘሩ ከስዊድን የሆነው ቢሳሳት፣ ከሕንድ የሆነው ቢሳሳት ምን ይደረጋል። እኔ ግን የነዚሁ የደሴት ሽማግሌዎች ልጅ ነኝ። የኛን ሽማግሌ ቤትህ የት ነው ብለህ ከጠየቅከው የተወለደባትን ሰበካ ነው የሚነግርህ፤ ለቄስም፣ ለፖሊስም፣ ለሐኪምም። ሃምሳ ዓመት እዚህ አልቦ፣ እዚህ አግብቶ፣ እዚህ ቀብሮ፣ ሲጠየቅ ሴሬታ ይላል፣ ቶፖ ይላል። ስሟን መጥራት ክብሩ ነው። በየበዓሉ ስሰማው ያደግኩት ነገር ነው፣ በሠርጌ ቀን እንኳ አባቴ ለአማቾቼ ቤቴ ቶፖ ነው ብሏል፣ የቆመው ከላሞቹ በረት ሃምሳ እርምጃ ላይ ነበር። እና እኔ ይህን እያወቅኩ የትኛው ቤት ብዬ ጠየቅኩ፣ መልሱን ይዤ ቤታቸውን ዘጋሁባቸው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ራሴን ጠላሁት።

ሪፖርቱን የያሬሊን ገጽ ተኩል እንዳለ ትቼ፣ የኔን አንድ ገጽ ጨምሬበት አስገባሁ። ሐሙስ ችሎት ገባን። ኃላፊ ችሎት ላይ አይናገርም፣ ወረቀቱ ነው የሚናገረው። እኔ ግን ዳኛዋ መዝገቡን ስትገልጥ ተነሳሁ።

«ክብርት ዳኛ፣ በዚህ ሰው ጉዳይ ሁለት ጊዜ በኔ ፊርማ ሪፖርት ቀርቦልዎታል። ሁለቱም ላይ ‹የተለመደ ነው› ይላል። ስህተት ነው። ሰውዬው ቤቱን እየጠየቀ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።»

ዳኛዋ መነጽሯን አውርዳ አየችኝ። «ይህ ቃል ስንት መዝገብ ላይ አለ?»

«በፈረምኩት ሁሉ ላይ» አልኳት።

ዴልማር ተነሳ፤ ግዙፍ ሰው ነው፣ አንገቱ በፀሐይ የተቃጠለ። ተቆጥቶ የሚናገር መስሎኝ ነበር። «ክብርት ዳኛ፣ እኔም በየሳምንቱ ጠይቄዋለሁ» አለ። «ሴሬታ ነው የሚለኝ። ወደ ሴሬታ እንዴት አድርጌ ልውሰደው?» እያለ እንባው መጣ፣ በእጁ መዳፍ ፊቱን ይዞ ተቀመጠ። እሱም የኛው ልጅ ነው፤ የኔኑ ስህተት ነው የሠራው። ማንንም አልጠላሁም ያን ቀን፣ ከራሴ በቀር።

ዳኛዋ ሽያጩን ከለከለች። ሽማግሌው አስታማሚ ተመድቦለት ለስድስት ወር ቤቱ ገብቶ እንዲታይ አዘዘች። ለኔ ደግሞ ያ ቃል ያለባቸውን መዝገቦች ሁሉ አውጥቼ፣ ሰዎቹን በሕይወት ያሉትን፣ እንደገና እንድናነጋግር አዘዘች። መቶ አርባ ሁለት መዝገብ ወጣ። ሃምሳ አንዱ ሞተዋል። ዝርዝሩን ሳነብ ስማቸው እንጂ ፊታቸው አልመጣልኝም፤ አንዳቸውንም ሄጄ አላየኋቸውም።

ኤርሚኒዮ ወደ ቤቱ የገባው በሦስተኛው ሳምንት ነው። መሄድ አይጠበቅብኝም ነበር፣ ሄድኩ። ዴልማር ሊያስገርመው ብሎ በሩን ሊያሠራ አስቦ ነበር፤ ተው፣ እንዳለ ይሁን አልኩት። ሽማግሌው መኪና ውስጥ ሆኖ መስኮቱን አውርዶ «ብድግ አድርገው» ብሎ አዘዘው። ዴልማርም ብድግ አድርጎ ከፈተ። ወንበሮቹ ጋ ሲደርስ ትራስ የሌለው ላይ ተቀመጠ። ላሞቹስ? አለ። ተሸጡ፣ ቆዩ እኮ፣ አለው ዴልማር። «እሺ» አለ። ባርኔጣውን አወለቀና ከጎኑ ግድግዳው ላይ ወዳለው ምስማር እጁን ላከ፣ ሳያይ። ሰቀለው። እስከ ማታ አብሬው ቆየሁ፣ ወደ ቤት ውሰዱኝ አላለም።

በማግሥቱ እሁድ ነበር። ቁልፌን አነሳሁ፣ አሁንስ ሳላስበው አይደለም። አባቴ የነበረበት መጦሪያ ሄድኩ። ውስጥ አልገባሁም፣ የሚያውቀኝም የለም። መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ወንበሩን የማቆምበት ቦታ ቆምኩና እሱ እንደሚያደርገው እጄን አነሳሁ፣ ወደ ፀሐይ መግቢያ። በዚያ በኩል በሩ አለ፣ ከበሩ ማዶ መንገዱ፣ በመንገዱ መጨረሻ የኛ ቤት። ያኔ አልተሸጠም ነበር። እናቴ የሰቀለችው መጋረጃ እንዳለ ነበር፣ ወጥ ቤቱንም አሳድሼዋለሁ፣ ቁልፉ በየእሁዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ደሴቷ በምሥራቅ ናት፣ አቅጣጫው ጠፋበት ብዬ ነው ያለቀስኩት። አባቴ ምንም አልጠፋበትም።

«ከበሩ ስንወጣ ወዴት ነው አባዬ?» አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ ማንም በሌለበት።

ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ወደ ምዕራብ ነዳሁ። አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው።